«መጫን» በአውሮፕላን ጋቢና ውስጥ፤ በሙያ ቃላት አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ የተርጓሚውም ሆነ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ልፋት በአብዛኛው ያረፈው በስም ላይ ነው። አንድ አዲስ ዕቃ ወደ አገር በገባ ቁጥር «ምን ብለን እንጥራው?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ክርክሩም ከዚያው ተጀምሮ ከዚያው ያበቃል። በዕቃው ምን እንደሚደረግ የሚነግሩን ግሦች ግን ከክርክሩ ውጪ ስለሚቀሩ እያንዳንዱ ተርጓሚ እንደ መሰለው ያደርጋቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህ ልማድ የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ጠባብ ምሳሌ ማሳየት ነው። ምሳሌው በአነስተኛ አውሮፕላን ጋቢና ውስጥ ታብሌት እንዴት እንደሚታሰርና ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያገኝ የሚገልጽ የአንድ ገጽ መመሪያ ነው።

ስለ አውሮፕላን ለመጻፍ ወልድያ ምን አገባት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፤ በሰሜን ወሎ የመንገደኞች አውሮፕላን የሚያርፈው ላሊበላ ነው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ መንጋ ራያ ቆቦንና አካባቢውን በወረረ ጊዜ የአውሮፕላንና የታብሌት ነገር ለዚህ አገር ሰው የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። በዚያ ዘመቻ በአገሪቱ ፀረ ተባይ የሚረጩ አነስተኛ አውሮፕላኖች ተሰማርተዋል። በምድርም የመስክ ሠራተኞች መንጋው ያረፈበትን ቦታ የሚመዘግቡበት፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያዘጋጀው «ኢሎከስት 3» የተባለው ታብሌት በሥራ ላይ ነበር። አብራሪው መመሪያውን በእንግሊዝኛ ያነባል እንበል። ገመዱን የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ መያዣውን የሚያበጀው ባለሙያ፣ ከአብራሪው ጎን ተቀምጦ ቦታ የሚያመለክተው የግብርና ሠራተኛ ግን ነገሩን በአማርኛ ይነጋገሩበታል። ስለዚህ አማርኛው የጠራ መሆን ይገባዋል።

ይህን በማሰብ በዚሁ ከተማ በምናስተምርበት ክፍል ገጹን ለትርጉም ተማሪዎች ሰጠናቸው። የመለሱልን ሥራ ለዚህ ሂስ መነሻ ሆኗል። ስሕተቶቹ ከስንፍና የመጡ አይደሉም፤ ዘመናችን ትክክል ነው ብሎ ያስለመዳቸውን አማርኛ በታማኝነት መከተላቸው ነው ያሳታቸው።

ስሞቹ

በስልኮችና በታብሌቶች የአማርኛ ገጽ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስያሜ «ጡባዊ» ነው፤ ተማሪዎቻችንም ይህንኑ ወሰዱ። ከ«ጡብ» የወጣ ቅጽል እንደ መሆኑ ቅርጹ ሰዋስው አይጥስም። ትርጉሙ ግን ጡብ የሚመስል፣ የጡብ ጠባይ ያለው ማለት ነው። ጡብ ግንብ ይሠራበታል እንጂ አይነበብበትም፤ አይጻፍበትም። በወልድያ ገበያ ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ «ጡባዊ አለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ጠያቂውን ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ቢልከው አይፈረድበትም።

ከዚህ የተሻሉ ሁለት ነባር ቃላት ነበሩን። አንዱ «ጽላት» ነው፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ያለው ክብር ለሸቀጥ ስያሜ እንዲውል አይፈቅድም። ሁለተኛው በወሎ ደረሳዎች ጭናቸው ላይ አድርገው የሚጽፉበት፣ አጥበውም እንደገና የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ማለትም «ሎህ» ነው። ጭን ላይ መቀመጡ፣ ተጽፎበት መደምሰሱ፣ ገጹ አንድ ሆኖ የሚይዘው ብዙ መሆኑ ሲታይ ከታብሌት ጋር በአገልግሎት ይህን ያህል የሚቀራረብ ሌላ ዕቃ አናውቅም። ሆኖም እርሱም የሃይማኖት ትምህርት ዕቃ ነው፤ ዘመዱ «ሉህ» ደግሞ ለወረቀት ገጽ ተይዟል። ስለሆነም «ታብሌት» እንደ «ባትሪ»ና እንደ «ሞተር» በውሰት ይቆይ እንላለን። ሕዝብ የተቀበለውን ማንሣት ትርፍ የለውም።

አብራሪዎች ካርታና የበረራ መጻሕፍት በቦርሳ ይይዙ ስለ ነበር፣ ይህንኑ ሥራ የተረከበው መሣሪያ በእንግሊዝኛ የበረራ ቦርሳነትን ስም ወርሷል። ተማሪዎቻችንም «ኤሌክትሮኒክ የበረራ ቦርሳ» አሉት። እዚህ ላይ ግን አማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ትክክለኛ ቃል አለው። መጽሐፍ የሚከተትበትና በትከሻ የሚንጠለጠለው የቆዳ ከረጢት «ማኅደር» ይባላል፤ በመሥሪያ ቤትም ሰነድ የሚሰበሰብበት ይኸው ስም ነው። «ኤሌክትሮኒክ የበረራ ማኅደር» ብንል ቃሉ ዕቃውንም ታሪኩንም ይዞ ይገኛል።

አነስተኛ አውሮፕላን የሚመራበት፣ በአብራሪው ፊት ያለው መዘውር በእንግሊዝኛ በበሬ ቀንበር ስም ይጠራል። «ጡባዊውን በቀንበሩ ላይ ይጫኑ» የሚል ዓረፍተ ነገር የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። የሐብሩ ገበሬ ይህን ቢሰማ የሚታየው የሚያርሱ በሬዎች ጡብ ተሸክመው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ ወደ ወረታ የሚወጣውና ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ በሚገናኙባት በወልድያ፣ ማንኛውም ሹፌር የዚህን ዕቃ ስም ያውቀዋል፤ «መሪ» ነው። «ጋቢና»ም ከዚያው ይገኛል። ቃሉ ከጣልያንኛ በመኪና በኩል የገባ ሲሆን ለአነስተኛ አውሮፕላን ይስማማል፤ በዚያ ውስጥ አብራሪውን ከተሳፋሪው የሚለይ ግድግዳ የለምና «የአብራሪ ክፍል» ማለት የሌለ ክፍል መፍጠር ነው። ለትልቁ አውሮፕላን ግን «የአብራሪዎች ክፍል» ትክክለኛ ነው።

ግሦቹ

እስከዚህ የተመለከትናቸው ስሕተቶች ቢያስቁ እንጂ አይገድሉም። ከዚህ የሚከተሉት ግን የተለዩ ናቸው።

«ታብሌቱን ይጫኑ» የሚለውን እንመርምር። «ጫነ» ነባር ግሥ ነው፤ በቅሎ ይጫናል፤ አህያ ይጫናል፤ መኪና ይጫናል። በኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ማስገባትም «መጫን» ሆኗል። በሌላ በኩል «ተጫነ» በጣት ወይም በእጅ ወደ ታች መግፋት ነው። በትእዛዝ አንቀጽ ለ«አንተ» ሲነገር ሁለቱ ይለያሉ፤ «ጫን» እና «ተጫን» እንላለን። በአክብሮት ሲነገር ግን ሁለቱም «ይጫኑ» ተብለው ይጻፋሉ። በአርእስትም ሁለቱም «መጫን» ናቸው፤ በአሉታም ሁለቱም «አትጫን» ናቸው። ልዩነታቸው የ«ጫ» መላላትና መጥበቅ ብቻ ሲሆን ፊደላችን ይህን አያሳይም። ስለዚህ የተማሪዎቻችን ዓረፍተ ነገር «ታብሌቱን በቦታው እሰሩ»፣ «ታብሌቱን በጣት ግፉ» ወይም «በታብሌቱ ላይ ፕሮግራም አስገቡ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በስልክ «አንድን ይጫኑ» ሲባል ውሎ የሚያድር አንባቢ የትኛውን እንደሚያስቀድም መገመት አያዳግትም። ተርጓሚው አንባቢውን ባከበረ ጊዜ ትርጉሙን አጠፋበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የከፋ ነው። ታብሌቱ ሲግል ከኤሌክትሪክ እንዲነቀል የሚያዘው ዐረፍተ ነገር «ኃይሉን ያቋርጡ» ተብሎ ተተረጎመ። በበረራ ላይ «ኃይል» ሲባል አብራሪው በመጀመሪያ የሚያስበው የሞተሩን ግፊት ነው፤ ይጨመራል፤ ይቀነሳል፤ ይቋረጣልም። ታብሌት ለማዳን የተጻፈ ቃል ሞተር ለማጥፋት ሊነበብ መቻሉ ለሂስ ጸሐፊ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው «ካርታውን ያጥፉ» የሚል ነው። መብራት ይጠፋል፤ ጽሑፍም ይጠፋል። አንዱ አንባቢ ካርታውን ከፊቱ ይሰውራል፤ ሌላው ከታብሌቱ ላይ ይደመስሰዋል። አራተኛው «ገመዱን ከመሬት ጋር ያገናኙ» የሚለው ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ለዚህ ተግባር የሚውለው የአውሮፕላኑ የብረት አካል ስለሆነ፣ በአየር ላይ ያለን ነገር ከመሬት ጋር እንዲያገናኝ የታዘዘው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግራ ቢጋባ አያስደንቅም።

ከዐውዱ ይታወቃል የሚል ተከራካሪ እንደሚነሣ እናውቃለን። ዐውድ የሚረዳው ግን ነገሩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቀው ነው። ሌላው በፊደል ላይ የማጥበቂያ ነጥብ እናድርግ ይል ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን አድርገው ነበር፤ ይሁን እንጂ ልማዱ አልተስፋፋም። ያልተስፋፋን ምልክት ተማምኖ መመሪያ መጻፍ አይገባም።

ከነጂዎች የሚገኘው ትምህርት

በወልድያ መናኸሪያና ከዚያ በስተደቡብ በመርሳ ሹፌሮች ስልካቸውን ከፊታቸው ሲያኖሩ የሚናገሩትን ለተወሰኑ ቀናት አዳምጠናል። ዕቃውን «መያዣ» ይሉታል። ስልኩን አይጭኑትም፤ ያስገቡታል፤ ያጠብቁታል። ገመዱን ይሰኩታል፤ ይነቅሉታል። የቤት መኪና 12፣ ከባድ የጭነት መኪና 24 ቮልት እንደሚሰጥ ያውቃሉ፤ የማይስማማ ዕቃ የሰካ ሰው ምን እንደሚደርስበትም እንዲሁ። አነስተኛ አውሮፕላኖች በ14 ወይም በ28 ቮልት ይሠራሉ፤ መደበኛው የታብሌት ገመድ ደግሞ 5 ቮልት የሚጠይቅ ነው። በመካከል የሚገባው መቀነሻ ለምን እንደሚያስፈልግ ለሹፌር ማስረዳት አያዳግትም። የመርሳ ፀሐይ በመስተዋት በኩል ስልክን እንዴት እንደምታግል ያየም፣ የአይፓድ አምራች ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ወሰን ለምን 35 ዲግሪ እንደሆነ ይገባዋል።

መስተዋት ላይ አየር መጥጦ የሚጣበቀውን የመያዣ ዐይነት ተማሪዎቻችን «መምጠጫ ኩባያ» ብለውታል። አሠራሩ ግን በባህላዊ ሕክምናችን የቆየው የዋግምት ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲቀንስ የውጪው አየር አጥብቆ ይይዘዋል። ወደ ላይ በተወጣ መጠን የውጪው አየር ስለሚሳሳ መያዣውም ይላላል። ስያሜው «ተጣባቂ መያዣ» ይሁን፤ በመግለጫው ግን «እንደ ዋግምት» ብንል ሙሉ አንቀጽ ማብራሪያ እናተርፋለን።

ማሻሻያ

ከዚህ በላይ የተባለውን ለመፈተን መመሪያውን እንደሚከተለው መልሰን ጽፈነዋል።

«ታብሌቱን መያዣው ውስጥ ያስገቡና ያጥብቁት። መሪውን እስከ መጨረሻው ይግፉ፤ ይሳቡ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ያዙሩ። ታብሌቱ፣ መያዣው ወይም ገመዱ መሪውን ከነካ ቦታውን ይለውጡ። መያዣው ማግኔት ካለው ከኮምፓሱ ያርቁት፤ ኮምፓሱ እንዳልዞረም ያረጋግጡ። ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት መሰኪያው ስንት ቮልት እንደሚሰጥ ይመልከቱ። ታብሌቱ ከጋለ ገመዱን ይንቀሉ፤ ከፀሐይም ያንሡት። ታብሌቱ በድንገት ቢዘጋ በወረቀት ካርታዎ ይጠቀሙ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ቃል የለም። አክብሮቱም አልጎደለም፤ «ያስገቡ»፣ «ይሰኩ»፣ «ይንቀሉ» በአክብሮትም ሲነገሩ ትርጉማቸው አይደበላለቅምና። ጽሑፉን ለአንድ የመርሳ ሹፌር ባነበብንለት ጊዜ የጠየቀን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «አውሮፕላን መሪው ወደ ፊትም ይገፋል?» አለን። ይህ የዕቃው ጥያቄ ነው፤ ቋንቋው አላስቸገረውም።

የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ታብሌት እንደ ዛሬው በየሰው እጅ አልገባም ነበርና ቃሉን ከዚያ መጠበቅ አይገባም። ወደ ፊት በሚዘጋጁት የሙያ መዛግብተ ቃላት ግን እያንዳንዱ ስም ሥር ዕቃው የሚወስዳቸው ግሦች፣ በአክብሮትና በአሉታ ቅርጻቸው ጭምር፣ እንዲሰፍሩ እናሳስባለን። «አብራሪ»ና «በረራ» ዘመን የተሻገሩት «በረረ» ከሚል ሕያው ግሥ ስለ ተወለዱ ነው። «ታብሌት» ብሎ የጻፈ መዝገብ ሥራውን ግማሽ ሠርቷል፤ «ያስገቡት፣ ያጥብቁት፣ ይሰኩት፣ ይንቀሉት» ብሎ ሲጨምር ይፈጽመዋል።