እጅግ ፈጣኑ ሌዘርና የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና
ሴኮንድ በሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ ክፋይ እንደገና በቢሊዮን ሲከፈል ፌምቶሰከንድ ይባላል። በዚህ ቅጽበት የሚለካ የሌዘር ምት ዙሪያውን እምብዛም ሳያሞቅ ኅብረ ሕዋስን ይቆርጣል። መሠረቱን በ1985 እ.ኤ.አ. የጣሉት ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ይሁን እንጂ ድንቅ ግኝት ሁሉ የተሻለ ሕክምና አይሆንም። ሌዘሩ የሌንሱን ከረጢት ቢከፍትም ሞራውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ የሚተካው አሁንም የሐኪሙ እጅ ነው። በ2020 የታተመው ፌምካት የተሰኘ የፈረንሳይ ጥናትም ከተለመደው ዘዴ የላቀ ውጤት ሳያገኝ ወጪው ብቻ ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

በአገራችን በ2005–06 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ሳቢያ መሆኑን አመልክቷል። ለእነዚህ ወገኖች የሚያስፈልገው ፈጣን ጨረር ሳይሆን የሠለጠነ እጅና በቅርብ የሚገኝ አገልግሎት ነው። በመሆኑም የቴክኖሎጂውን ተስፋ ሳንንቅ፣ ግዢውን በሕሙማን ጥቅም እንመዝን።