ዘቡ ወዴት ያያል?

በጥንቱ የቤተ መንግሥት ሥርዓት ሊቀ መኳስ የሚባል ሹም ነበር። ሥራው የንጉሡን ልብስ ለብሶ ጦር ሜዳ መዋል ነው፤ ጠላት ንጉሡ መስሎት እሱን እንዲወጋ። እልፍኝ አስከልካዩ ደግሞ በሩን ይይዛል። ሊቀ መኳስነት ደስ የሚል ሹመት አይደለም፤ ግን አደጋ ይመጣል ብሎ ያመነ ሥርዓት የፈጠረው ነው። የዛሬው ጥበቃችን የጎደለው ይኼው እምነት ይመስለኛል።

ጎንደር ላይ ትልቅ ስብሰባ ሲጠራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከፒያሳ ጀምሮ መንገዱ ይዘጋል፤ የአሮጊቷ ዘንቢል ሳይቀር ይበረበራል። ንግግሩ ሲጀመር ግን በርባሪው ራሱ ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሮ ያጨበጭባል። ዘብ ማለት እኮ ጀርባውን ለተናጋሪው፣ ዓይኑን ለሕዝቡ የሰጠ ሰው ነው! በአማርኛ ዘብም ይጠብቃል፣ ባለጉዳይም ይጠብቃል፤ የኛ ፖሊስ የባለጉዳዩን ትርጉም የወሰደ ይመስላል።

ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ንግግራቸውን እንደጨረሱ ቦምብ ፈነዳ። 2 ሰዎች ሞቱ፣ ከ150 በላይ ቆሰሉ። ብዙም ሳይቆይ የአዲስ አበባ ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነርን ጨምሮ 9 የፖሊስ ኃላፊዎችና አባላት በጥበቃ ክፍተት ተጠርጥረው ታሰሩ። ስለ እስሩ አገር አወራ። ቦምቡ በየትኛው መግቢያ እንዳለፈ፣ እዚያ የቆመው ፈታሽ ስንት ሰው እንደ ደረሰበት፣ የሚቀጥለውን ሰልፍ የሚጠብቀው ፖሊስ ከዚህ ምን ተማረ የሚለው ግን የወሬያችን ማጣፈጫ እንኳ አልሆነም።

ፈረንጅም ይሳሳታል። ሐምሌ 6 ቀን 2016 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዕጩው ዶናልድ ትራምፕ ጆሯቸው ላይ ሲመቱና አንድ ታዳሚ ሲሞት፣ ተኳሹ የወጣው ከመድረኩ 130 ሜትር ገደማ ርቆ ማንም ሳይጠብቀው የቀረ ጣሪያ ላይ ነው። ጃፓኖችም ሐምሌ 1 ቀን 2014 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ለፓርቲያቸው ዕጩ ሲቀሰቅሱ ጀርባቸውን ክፍት ትተው አስገደሏቸው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የጃፓን ፖሊስ ጉድለቱን መርምሮ ለሕዝብ አወጣ፤ አለቃው ሥራ ለቀቀ። የአሜሪካዋ የጥበቃ ኃላፊ በምክር ቤት ተፋጥጠው በ10 ቀን ውስጥ ወንበራቸውን ተዉ።

ወደ ከተማችን ስንመለስ፣ ጥር 11 ቀን 2012 በፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀት ሲከበር የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ 10 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ ሞልቶ ነበር። የሰው ኪስ ሲፈተሽ እንጨቱን ማን ፈተሸው? ይኼ የግድያ ሙከራ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። አዎ፤ ግን ጥበቃ ማለት መሣሪያ ፍለጋ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያው ራሱ ነው።

ደግሞስ ጥበቃው ለማን ነው? ባለሥልጣኑ በአጀብ ይመጣል። በደባርቅና በዳባት፣ መኪና በማይገባባቸው የጃናሞራ ቀበሌዎች የሚቀሰቅሰው የተቃዋሚ ዕጩ ግን በእግሩ ነው፤ ገበያ መሃል ቆሞ ሲናገር ከኋላው ማን እንዳለ የሚያይለት ጓደኛው ብቻ ነው። በ2007 ምርጫ ደብረ ማርቆስ ላይ ለሰማያዊ ፓርቲ የተወዳደረው ሳሙኤል አወቀ ማስፈራሪያ እንደሚደርሰው አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ምርጫው ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 8 ቀን፣ ተገደለ። ከገዳዩ ፍርድ ሌላ፣ ያ ስሞታ የደረሰው ሰው ምን አደረገ ብሎ የጠየቀ ምክር ቤት አላየንም።