ንጋት በመስቀል አደባባይ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ሯጮቹ በመስቀል አደባባይ እርከኖች ላይ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሳሉ፤ አንዱን ከዳር እስከ ዳር ጨርሰው ወደ ቀጣዩ ይወጣሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ውድ ነው።

ነጠላቸውን ያጣፉ እናት በዝግታ ይራመዳሉ። ከኋላቸው የደረሰው ወጣት «ይቅርታ እማማ» ብሎ ወደ ላይኛው እርከን ይዘላል። «በርታ ልጄ!» ይሉታል።

ይህን መተላለፍ እወደዋለሁ። መስመር ያሰመረ የለም። ሯጩ ይዞራል፤ እያወጉ የሚራመዱት ኮቴ ሲሰሙ ፊትና ኋላ ይሆናሉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ፈጣኑንና ዝግተኛውን በዓመት አንዴ በአንድ ጎዳና ያሰልፋል፤ እዚህ ግን በየማለዳው ነው፣ ያለ ቲሸርት፣ ያለ ሜዳሊያ። ወጣቱ ተመልሶ መጣ። እማማ ቀድመው ጠርዙን ያዙለት።