በሬን በወረቀት መያዝ፦ በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስለ እንስሳት አያያዝ የቀረበ ሂስ

በኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞችን በዲግሪ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ነው። ከዚያ በፊት ይህ ሙያ የሚቀሰመው በባሕር ማዶ ነበር። ስለሆነም የማስተማሪያ መጻሕፍቱ የመጡበትን አገር ልማድ ይዘው መግባታቸው አያስገርምም። ከልማዶቹም አንዱ፣ ከብት የሚመረመረው በብረት ክራሽ ውስጥ ገብቶ አንገቱ ከተቆለፈ በኋላ ነው ብሎ መነሣት ነው።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው ደጋ ግን ይህን መነሻ አይቀበልም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ባለው አገር በሬ ብዙውን ጊዜ የሚታከመው በገበሬው ደጅ ወይም በግጦሽ መስክ ነው፤ መያዣውም ጠፍርና የባለቤቱ ድምፅ ነው። በመልኩ ዳልቻ ወይም ቡሬ ተብሎ የሚጠራው በሬ ጌታውን ያውቃል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ እንግዳ ሲቀርበው ግን ይደነብራል። ከጥማዱ አንዱ እግሩ ቢሰበር የዚያ ዓመት እርሻ ይሰናከላልና፣ የተማሪው ስሕተት የሚከፈለው ከሌላ ሰው ጎተራ ነው።

ጉዳዩ ሲመረመር የገበሬው ልማድና የሳይንሱ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። አሜሪካዊቷ ቴምፕል ግራንዲን እንዳስረዱት፣ ከብት ሰው ሲገባበት የሚሸሽበት ክልል አለው፤ ሰው ከትከሻው በስተኋላ ሲቆም ወደ ፊት ይሄዳል፣ በስተፊት ሲቆም ወደ ኋላ ይላል። የጎጃም እረኛ ይህን በልጅነቱ በእግሩ ተምሮታል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ተማሪው ደግሞ ምክንያቱን አሳምሮ ይጽፋል፤ የት እንደሚቆም ግን ይቸግረዋል።

በሬን በገመድ መጣልም እንዲሁ ነው። ገመዱ ከቀንዱ ሥር ይታሰራል፤ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ደረቱን፣ ከኋላ እግሮቹ በስተፊት ሽንጡን ከቦ ይሸመቀቃል፤ በዝግታና ሳያቋርጡ ወደ ኋላ ሲስቡት በሬው ጉልበቱ ይከዳዋል። በሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር የሚበቃው ይህ ሥራ በመስክ ላይ ድንጋይ የሌለው ሣር፣ ራሱን የሚይዝ ብርቱ ሰው፣ ያልጠገበ ሆድ ይጠይቃል። የሚያመሰኳ እንስሳ በጎኑ ብዙ ከቆየ ጋዙ መውጫ አጥቶ ሆዱ ይነፋል፤ ያረገዘች ላም ደግሞ ከነጭራሹ አትጣልም።

የገበሬውን ልማድ ሁሉ ማወደስ ግን ስሕተት ነው። ጅራትን እስኪሰበር መጠምዘዝ፣ ወይፈንን ያለ ማደንዘዣ በድንጋይ ቀጥቅጦ ማኮላሸት መምህሩ ሊያስቀራቸው የሚገቡ ናቸው። ለሐጩን በሚያዝረበርብ ከብት አፍ ባዶ እጅ መክተትም እንዲሁ፤ ጉሮሮው ላይ ባዕድ ነገር የተሰነቀረ የሚመስለው ከብት የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላልና።

በብሪታንያ ሣራ ቤይሊ የፈለሰፉት፣ በኮምፒዩተር የሚሠራው ሰው ሠራሽ ላም የማሕፀንን ምርመራ በእጅ ለማለማመድ ጠቅሟል። ሆኖም አይራገጥም፤ አይደነብርምም።

የሂሱ ዋና ነጥብ ግን ምዘናው ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክረ ሐሳብ የእንስሳትን ደኅንነት መጠበቅን ከአዲስ ተመራቂ ከሚጠበቁት ብቃቶች አንዱ አድርጎታል። ይህን በጽሑፍ ፈተና ብቻ መመዘን በሬ የሚፈራውን ተማሪ ከፍተኛ ማርክ ማሸከም ይሆናል። ተማሪው ከማያውቀው በሬ ጋር በገበሬው ደጅ ቆሞ ሊታይ ይገባል፤ ከመዛኞቹም አንዱ የበሬው ባለቤት ቢሆን፣ ለዋለበትም አበል ቢከፈለው ያስኬዳል። በእርሻ ወራት ጥማድ መጠየቅ ግን አይገባም፤ ለልምምዱ የሚስማማው የመኸሩ ውቂያ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።