የኬርፊሊ ግንብ አረንጓዴ ለባሽ እመቤት፦ አፈታሪክ የሸፈነው ግጭት

በደቡብ ዌልስ በኬርፊሊ ግንብ ትታያለች ስለምትባለው አረንጓዴ ለባሽ እመቤት የሚነገረው አፈታሪክ ሴራው ያልተወሳሰበ ነው። የግንቡ ጌታ የጊልበርት ደ ክሌር ሚስት አሊስ፣ ግሪፊዝ የተባለ የዌልስ መስፍን ትወዳለች። ምስጢሯን ለመነኩሴ ትናዘዛለች፤ እሱም ለባሏ ይነግራል። ግሪፊዝ መነኩሴውን ይሰቅላል፤ ጊልበርትም ግሪፊዝን። ወደ ፈረንሳይ የተባረረችው አሊስ መርዶውን ስትሰማ ትሞታለች፤ መንፈሷም በግንቡ ሲንከራተት ይኖራል።

ታሪክ የሚመሰክረው ሌላ ነው። ጊልበርት በ1267 እ.ኤ.አ. የሴንግሄኒዝን ገዥ ግሪፊዝ አፕ ሪስን ማርኮ አየርላንድ ውስጥ አሰረው፤ በ1268 በዚያው ምድር ግንቡን ማሠራት ጀመረ። የአሊስና የጊልበርት ጋብቻም በ1285 ፈረሰ እንጂ በሞት አልተቋጨም።

እንግዲህ አፈታሪኩ የመሬት ንጥቂያን በቅናት ተክቶታል ማለት ነው። ይህ መተካት የድል አድራጊውን በደል ከሕዝብ ወደ ቤተሰብ ጉዳይ ያወርደዋል። በአንጻሩ ግን፣ ምድሩን የተነጠቀው ገዥ ስም የሚጋራ ገጸ ባሕርይ የነጣቂውን ሚስት ልብ ይወርሳል፤ ተሸናፊው ወገን ወደ ግንቡ የሚገባበት ሌላ በር አልነበረውም። ስለዚህ የሐያሲው ድርሻ አፈታሪክን ሐሰት ነው ብሎ መተው ሳይሆን ምን በምን እንደተተካ፣ ማንን እንደጠቀመም መመርመር ነው።