የሞተር ካቴና በቤት መቀየር፦ ቪዲዮዎቹ የሚዘሏት ሁለት ዙር

የመኪና ታይሚንግ ካቴና እቤት ውስጥ ስለመቀየር የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ ብዙ አይቻለሁ። ድፍረት ይሰጣሉ፤ ይሄ ጥሩ ነው። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ያለ ወጣት ቁልፍ ይዞ የቤተሰቡን ቪትዝ ኮፈን ሲከፍት ባይ ደስ ይለኛል። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ መፍታትና ማሰርን እንጂ ማረጋገጥን አያስተምሩም።

ካቴናው ክራንክ ሻፍቱን ከካምሻፍቱ ጋር ያስተሳስራል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ብቻ ይዞራል፤ ቫልቮቹም በሰዓታቸው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ የተከፈተ ቫልቭ ሊመታ ይችላል። ያኔ ጣጣው የካቴና መሆኑ ይቀርና ቴስታታ እስከማውረድ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ስህተት «ካቴናው ተለጠጠ» የሚለው ነው። ብረቱ እንደ ላስቲክ አልተሳበም፤ መጋጠሚያዎቹ ናቸው የተበሉት። አዲስ አበባ በታክሲነት የምናውቃትን ላዳ ውሰዱ። የ2106 ሞዴሏ ካቴና 116 መጋጠሚያ አለው። እያንዳንዱ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበላ ካቴናው 5.8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የረዘመ ካቴና ደግሞ የሚዞርባቸውን ጊሮች ጥርስ ይበላል። ስለዚህ ጊሮቹን፣ መወጠሪያውንና መንሸራተቻዎቹን ሳያዩ ካቴናውን ብቻ መቀየር አዲሱንም ቶሎ ማስረጀት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም ሞተር አንድ ማድረግ ነው። ላዳ ላይ መወጠሪያው በእጅ ይስተካከላል፦ ነቱን ታላላላችሁ፣ ሞተሩን በእጅ ታዞራላችሁ፣ ስፕሪንጉ የላላውን ይገፋል፣ መልሳችሁ ታጠብቃላችሁ። አንዳንዴ ጩኸቱ በዚሁ ያልቃል፤ ምንም መቀየር አያስፈልግም። ቪትዝ ላይ ግን መወጠሪያውን የሚገፋው የዘይት ግፊት ነው። እሱ ሲንኳኳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዘይቱ ስንት ነው? መቼ ተቀየረ?» መሆን አለበት። ይህን ሳይጠይቅ ወደ መፍታት የሚሮጥ ቪዲዮ በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት እንደሚያዝ ሰው ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ግን ሁለቱ ዙሮች ናቸው። ምልክቶቹን አገጣጥማችሁ አዲሱን ካቴና ካሰራችሁ በኋላ ቁልፍ እንዳታዞሩ! ባትሪውን እንደነቀላችሁ ካንዴላዎቹን አውጡና ክራንክ ሻፍቱን በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በእጅ፣ በቀስታ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ለምን ሁለት? ካምሻፍቱ አንድ ዙር የሚሞላው ያኔ ስለሆነ ነው። የጊሮቹ ምልክቶች ወደ ቦታቸው ከተመለሱ ልክ ናችሁ። ቀለም የተቀባው የካቴናው ቀለበት ላይመለስ ይችላል፤ አትደንግጡ። መሃል ላይ ድርቅ ብሎ ከቆመ ግን አታስገድዱት፤ ፒስተኑ ቫልቭ ነክቶ ሊሆን ይችላል። እጃችሁ ቀስ ብሎ የሚነግራችሁን፣ ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ሰብሮ ነው የሚነግራችሁ።

ይህች ሥራ ጥቂት ደቂቃ ብትፈጅ ነው። ቪዲዮዎቹ ግን ወይ በፍጥነት ያሳልፏታል ወይ ጨርሶ ይቆርጧታል፤ ለማየት አሰልቺ ናታ! ለእናንተ ግን፣ መኪናው የቤት እንጀራ ከሆነና መለዋወጫው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መቆም ካለበት፣ ከሥራው ሁሉ ዋናዋ እሷ ናት።

ስለዚህ ቪዲዮውን ተመልከቱ። ከዚያ ለራሳችሁ «ለምን ሁለት ዙር?» በሉ። መልሱን ለጓደኛችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ ጀምሩ። ካልቻላችሁ ደግሞ ለዛሬ መካኒኩ ይሥራ፤ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ ጠይቁ።