ስለ «ወደ ፀጉሬ ተመለስሁ» የቀረበ ሒስ

ባለፈው እትማችን «ወደ ፀጉሬ ተመለስሁ» በሚል ርእስ የወጣው ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቶ፣ ጠርዙ ተበልቶ ተመልሶልናል። ይህ የአንባቢ ፍቅር ምልክት ስለሆነ ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ጽሑፉን ገልብጠን ያሰራጨነው እኛው ስለሆንን ጉድለቱንም መናገር የሚገባን እኛው ነን።

ጸሐፊዋ እኅታችን ፀጉሯን በኬሚካል ማለስለስ ትታ፣ የተጎዳውን ከሥሩ ቆርጣ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ትከሻዋን የሚነካ ፀጉር እንዳወጣች ትተርካለች። ቋንቋዋ ለዛ አለው። በተለይ እናቷ ፊቷ አስቀምጠው ሹሩባ ሲሠሯት የነበረውን የምትገልጽበት ክፍል ልብ ይነካል። የርዝመቱን ምስጢር ግን «ከቅቤ በቀር ምንም» ብላ ዘጋችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ በበዓል ቀን ያየነው ፀጉር ግማሹ የተቀጠለ እንደ ነበረ ኋላ ራሷ ነገረችን፤ እንድንጽፈውም ፈቀደችልን።

እኛም ብንሆን ማስላት ነበረብን። የሰው ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። በዓመት 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጥምዝ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያጠረ ይመስላል። ቅቤ ፀጉርን ያለዝባል፣ ድርቀቱንም ይቀንሳል፤ እድገቱን ግን አያፋጥንም።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ጽሑፉን ያነበቡ ልጃገረዶች የራሽን ዘይታቸውን ሸጠው ቅቤ ገዝተዋል። ፀጉራቸው እንደ ተጻፈው ሳይረዝም ሲቀር ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ። አንዷም ተስፋ ቆርጣ ወደ ማለስለሻው በመመለሷ የራስ ቆዳዋ ቆስሏል።

እንዲህ ያለ ታሪክ በእውነት ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ከሁለት መጻሕፍት እንይ። ማልኮም ኤክስ ለአሌክስ ሄሊ ተርኮት ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በወጣትነቱ ቦስተን ሳለ ጓደኛው በኮስቲክ ሶዳ፣ በእንቁላልና በድንች ድብልቅ ፀጉሩን እንዳለሰለሰለት ይነግረናል። መቃጠሉን አልሸሸገም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ራሱን በመስተዋት አይቶ መደሰቱን አለመሸሸጉ ነው። ኋላ ያወገዘውን ነገር አንድ ጊዜ እንደ ወደደው ስለሚናዘዝ ውግዘቱን አምነን እንቀበለዋለን።

ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመችው «አሜሪካና» በተባለ ልብ ወለድ፣ ኢፌሜሉ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ብላ ፀጉሯን አለስልሳ የራስ ቆዳዋ ይቆስላል። ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር በጓደኛዋ ምክር ትቆርጠዋለች። ወዲያው ደስ አላላትም፤ መልኳን ጠልታ ከሥራ ቀረች። የገዛ ፀጉሯን የወደደችው ኋላ ነው። ደራሲዋ እነዚያን የጥላቻ ቀናት ዘልላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ፀጉሯን ቆርጣ የምታለቅስ አንባቢ ብቻዋን የተሳሳተች ይመስላት ነበር።

የማለስለሻን ጉዳት ለማስረዳትም ማጋነን አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ 33,497 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ማለስለሻ በተጠቀሙት ላይ የማሕፀን ካንሰር ከማይጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ እንደ ተገኘ ይገልጻል። እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ሲሰላ ካልተጠቀሙት ከ100 ከ2 ያነሱ፣ አዘውትረው ከተጠቀሙት ግን 4 ያህሉ በበሽታው ይያዛሉ ማለት ነው። አጥኚዎቹም ገና ተጨማሪ ምርምር እንደሚያስፈልግ ሳይደብቁ ተናግረዋል። እንዲህ ያለው አነጋገር ለእኛም ትምህርት ይሁነን።

በበኩላችን እኅታችን ብዕሯን እንድታነሣ እንጂ እንድትጥል አንሻም። ቅጥሉን ለምን እንዳደረገች፣ አጭሩን ፀጉር ይዛ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ምን እንደ ተሰማት፣ ዛሬ በእውነት ስንት ጣት እንደሚረዝም ትጻፍልን። በሚቀጥለው እትም በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንገለብጠዋለን፤ ከሥሩም የእኛን ይቅርታ እናስከትላለን።